በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ

የውስጥ ደዌ እንደ ቁስል በዓይን አይታይምና ለተማሪ ማስተማሩ እጅግ አድካሚ ነው። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሌዎፖልድ አውንብሩገር ደረትን በጣት እየመቱ ድምፁን ማዳመጥን እ.ኤ.አ. በ1761 በመጽሐፍ ገለጸ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበረው፤ ስለዚህም ብልሃቱን ያገኘው የወይን ጠጅ በርሜል ሲንኳኳ አይቶ ነው ይባላል። (የእኛስ እናቶች የጠላውን ልክ ለማወቅ ጋኑን ያንኳኩ የለምን?)

አምና የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል በገባሁ ጊዜ፥ መድኃኒት ሳይጀመርልኝ መምህሩ ስድስት ተማሪዎች አስከትለው መጡ። የራጁን ፎቶግራፍ ደብቀው፥ «በመጀመሪያ ስሙን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ፈቃዱን፤ ከዚያ በኋላ እጃችሁን አሳርፉ» አሏቸው። አንዲቱ ተማሪ እጅዋ እየተንቀጠቀጠ ጀርባዬን ከላይ ወደ ታች አንኳኳች፤ ከቀኝ ጎኔ ግርጌ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። «ሕመሙ እዚህ ላይ ነው» አለች፤ እውነትም ነበር።

መምህሩ ግን አላመሰገኗትም። «ምን ልትሰጪው ነው?» ቢሏት «ፔኒሲሊን» አለች። «ሰውነቱ ይስማማው እንደ ሆነስ ጠይቀሻልን?»

አልጠየቀችም ነበር። አፍራ ወደ እኔ ዞረች፥ በትሕትናም ጠየቀችኝ። በልጅነቴ ያንን መርፌ በተወጋሁ ጊዜ ፊቴ አብጦ ትንፋሽ አጥሮኝ እንደ ነበረ ነገርኋት። መምህሩ ዝም ብለው ካርዴን ተቀበሉና በቀይ ቀለም ጻፉበት።