የሙያ ዕቃችሁን አትሽጡ



ሰሞኑን «ቲቸር የት ጠፋህ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልስ አለኝ። አልታመምኩም። ፕሮሰሴም አላለቀም። የከረምኩት ግቢያችን ውስጥ የቆመች አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ሥር ተኝቼ ነው። ታሪኩ ረዘም ስለሚል ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ ለስደተኛ ወገኔ የምለው አንድ ነገር አለኝ።

የምንኖረው ናይሮቢ ካሳራኒ ነው። አከራያችን አሮጊት ናቸው፣ ተከራዩ ሁሉ «ሾሾ» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቱሪስት ወደ ማሳይ ማራና ወደ አምቦሴሊ ያመላልሱ ነበር። ሥራውን ሲያቆሙ ኮምቢዋን አልሸጧትም። ወንበሮቹን አውጥተው የእንጨት አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫ ሠርተውላት ከሾሾ ጋር አገር ያዩባት ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን መኪናዋ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ዶሮ ገባባት፣ ልብስ ተሰጣባት። እኔ እዚያ ቤት በኖርኩበት አምስት ዓመት አንድ ቀን ተነስታ አላየኋትም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ለደኅንነታቸው ስል ስማቸውን አልጽፍም፣ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ መካኒክ ነበሩ። ናይሮቢ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ኢንተርቪው አለፉ፣ ሜዲካል ጨረሱ፣ ኦሪየንቴሽን ወሰዱ፣ በመጨረሻም የበረራ ቀን ተሰጣቸው፤ ጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ። እኛ ስደተኞች እንደምናደርገው እሳቸውም ቤታቸውን በተኑ። አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ተሸጠ። በመጨረሻ ከአገር ቤት ጀምሮ የሰበሰቡት የመፍቻ ሳጥን ተሸጠ። «ብረት ለአውሮፕላን ይከብዳል፤ አሜሪካ ሌላ እገዛለሁ» አሉ።

የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥራ በጀመሩበት ዕለት የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ የጋሼ በረራ ተሰረዘ። እንደ እሳቸው ሻንጣ አስረው የቀሩ ስንቶች እንደሆኑ ከናንተ መካከል የደረሰበት ያውቀዋል።

ጋሼ አልጮኹም፣ አላለቀሱም፤ ተኙ። መሬት ላይ በተዋሱት ፍራሽ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ወር ያህል ተኙ። ባለቤታቸው እኔን ጠርተው «አንተ አክቲቪስት ነኝ ትላለህ፤ እስቲ ይህን ሰው አስነሳልኝ» አሉኝ። ወገኖቼ፣ ስብሰባ ላይ ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ቢሮ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለተኛ ሰው የሚሆን ቃል ግን አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ኮምቢዋን አየኋት። ሾሾን «ብትነሳ ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው። ሳቁና «ከተነሳች ሙራንጋ ሄጄ የባሌን መቃብር አይባት ነበር። ደግሞ ኪራይህ ላይ በየወሩ 3,000 ሽልንግ እቀንስልሃለሁ» አሉ። እኔም ወደ ጋሼ ሄድኩ። ምክር አልሰጠኋቸውም። «ጋሼ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ኮምቢ ላስነሳ ተስማምቻለሁ፣ እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ «ሞዴሏ ስንት ነው?» አሉ።

«1974 ይላሉ።»

«እስኪ ዋሽ!» ብለው ተነሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም፣ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። አገር ቤት አስተምሬዋለሁ፣ ካኩማ በኢንሴንቲቭ ክፍያ አስተምሬዋለሁ፣ አሁንም ናይሮቢ አስተምረዋለሁ። በእጄ አንድ ካንዴላ ፈትቼ ግን አላውቅም ነበር። የኮምቢዋን የፊት በር ከፍቼ ሞተሩን ስፈልግ ጋሼ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ቲቸር፣ ሞተሩ ከኋላ ነው!»

ሞተሩ 1,600 ሲሲ ነው፤ አራት ሲሊንደር አለው፣ ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ ተኝተዋል። ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው በአየርና በራሱ ዘይት ነው። አንድ ቺንጋ ዲናሞውን ያዞራል፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ማራገቢያ አየር በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙት የላሜራ ክዳኖች ደግሞ የሞቀው አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላሉ። አንዳንድ ጋራዥ «ምንም አይሠሩም» ብሎ አውልቆ ይጥላቸዋል። የኛዋም ሁለቱ ተጥለውባታል። ጋሼ በካርቶን ልኩን አውጥተው ከአሮጌ በርሜል ላሜራ አዲስ ቆረጡላት።

ከሁሉ በፊት የቀየርነው የቤንዚን ጎማዎቹን ነው። እኔ ቀለሙን እንጀምር ብዬ ነበር። ጋሼ አሮጌውን ጎማ በሁለት ጣታቸው ቆልመም አድርገው አሳዩኝ፣ እንደ ደረቅ ኩበት ተሰነጣጠቀ። «ይቺ መኪና የምትሞተው በዝገት ብቻ አይደለም፣ በእሳትም ነው» አሉ። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። የተቀጣጠለ ማግኒዥየም ላይ ውሃ ብታፈስ እሳቱ ይብሳል። ይህን በኬሚስትሪ መጽሐፍ አውቀዋለሁ። ልብሴን የማሰጣባት መኪና ውስጥ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ዕቃ ፍለጋ ኪሪኛጋ ሮድ ወረድን። እዚያ የቋንቋ ችግር ገጠመን። የኛ መካኒክ የሚናገረው ከጣሊያን የወረሰውን ነው፤ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። የኬንያ ፈንዲ ደግሞ እንግሊዝኛውን በስዋሂሊ ይጠራል። ጋሼ «ጓርኒሲዮን» ይላሉ፣ ልጁ ግራ ይገባዋል። በመጨረሻ አሮጌውን ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ልጁ አንዴ አይቶ ከመደርደሪያው አወረደ። «አየህ? ብረት አስተርጓሚ አይፈልግም» አሉኝ።

ችግራችን ግን መፍቻ ነበር። ከጎረቤት ተውሰን ስንት ቀን እንዘልቃለን? «ማን ነው የገዛዎት?» ስላቸው ካሪዮባንጊ የሚሠራ አንድ ወጣት ፈንዲ ነው አሉኝ። አብረን ሄድን። ሳጥኑ እዚያው ነበር፣ ክዳኑ ላይ ጋሼ በነጭ ቀለም የጻፉት ስማቸውም አልጠፋም። እኔ ከደመወዜ ላይ ይዤ ስለነበር በገዛህበት መልስልን አልኩት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «እንጀራዬ ነው፣ አልሸጥም» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን እንለዋለን? ልንወጣ ስንል ግን ጋሼ የተፈታ ቴስታታ አይተው ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ዳሰስ አደረጉና «ይሄ ተሰንጥቋል፣ ብትገጥመው ይመለስብሃል» አሉት። ልጁ በባትሪ አብርቶ አየና እኔን ትቶ እሳቸውን «እሁድ እሁድ አልሠራም። መፍቻውን ቅዳሜ ማታ ውሰዱ፣ ሰኞ ጠዋት መልሱ» አላቸው።

ጋሼ የገዛ መፍቻቸውን ተውሰው ሲወጡ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ አራት ወር እሁድ እሁድ ሠራን። ተማሪዎቼም መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ለወሬ ነበር የመጡት፣ በኋላ ግን ቡሎን በናፍጣ የሚያጥብ፣ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሆኑ። ከበረራው መሰረዝ በኋላ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ለምን እንማራለን?» ትለኝ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። ጋሼ የቫልቮላ ክፍተት አስለኳት። ልኩ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይለካል። ስሷን የብረት ልክ አስገብታ ስትጎትት «ትንሽ ያዝ ያደርጋል» አለች። «በቃ እሱ ነው፣ ልቅም ጥብቅም አይሆንም» አሏት። ልጅቷ ያን ቀን ስምንቱንም ቫልቮላ ለካች። ጥያቄዋን ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። መልስ አግኝታ ይሁን ረስታው አላውቅም።

ዝገቱ አስጨናቂ ነበር። በመስኮት ጎማ ሥር፣ በባትሪው ማስቀመጫና በጎማ ቤቶቹ ውስጥ ላሜራው እንደ ብስኩት ይረግፋል። እኔ በስቱኮ ሞልተን ቀለም እንቀባው አልኩ። ጋሼ ተቆጡ። «በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ውስጥ ውስጡን ይበላል። ቁረጥ፣ ደህና ብረት እስክትደርስ ቁረጥ፣ ከዚያ በየዳ ይደረጋል።» ብየዳውን ያ የካሪዮባንጊ ልጅ መጥቶ ሠራልን፣ የወሰደው የኤሌክትሮድ ዋጋ ብቻ ነው።

ሰኔ ውስጥ ተነሳች። አንዴ ተኮሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያን ቮልስ የያዘ ሁሉ የሚያውቀውን ድምፅ አሰማች። ሾሾ ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ምንም አልተናገሩም፣ ነጠላ የሚመስል ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ወደ ሙራንጋ የሄድን ቀን ጋሼ አልመጡም። ወረቀታቸው ለእድሳት ገብቶ አልወጣም፤ ከከተማ ወጥተው ኬላ ላይ መያዝ አልፈለጉም። ያስነሷትን መኪና በር ላይ ቆመው ሸኟት። ለእኔ በፌስታል መለዋወጫ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ሰጡኝና «ቀዩ መብራት ከበራ አንድ ሜትር አትሂድ፤ ቁም» አሉኝ።

የሾሾ ልጅ ይነዳ ነበር። ቲካን አልፈን ቀዩ መብራት በራ። ቆምን። ቺንጋው አልተበጠሰም፣ ላልቶ ነው። የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት ይከፈላል፣ በመካከሉ ስስ ቀለበቶች አሉ። አንዱን ከመካከል አውጥተህ ወደ ውጭ ስታደርገው ቺንጋው ይጠብቃል። ካቻቢቴውን በጠርዙ ክፍተት አስገብቼ ፑሌጃው እንዳይዞር አገድኩት፣ ፈታሁት፣ አንድ ቀለበት አወጣሁ፣ መልሼ አሰርኩት። ሃያ ደቂቃ ወሰደብኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መብራቱ ጠፋ። ለጋሼ ደወልኩ፣ «ስንት ቀለበት አወጣህ?» አሉኝ። «አንድ» ስላቸው «ጎሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሾሾ መቃብሩ አጠገብ ቆሙ። እኛ ራቅ ብለን በኮምቢዋ ምድጃ ሻይ አፈላን። ሾሾ ሲመለሱ ከባላቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠጡ።

ወገኖቼ፣ ጋሼ ዛሬ ካሪዮባንጊ ከዚያ ልጅ ጋር ይሠራሉ። መፍቻው አሁንም የልጁ ነው፣ ስሙ አሁንም የጋሼ ነው። ኬዛቸው እዚያው ነው። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ማታ ላይ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። ጠዋት ግን ይነሳሉ።

ስለ ራሴም ልናገር። እዚህ አገር ሰባት ዓመት ስኖር አልጋ አልገዛሁም ነበር። «ነገ ለምሄድ ምን ያደርግልኛል?» እያልኩ መሬት ላይ ተኛሁ። ኮምቢዋ ሙራንጋ ደርሳ በተመለሰች ሳምንት አልጋ ገዛሁ። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ኬዜን እከታተላለሁ፣ ለመብታችንም እጮኻለሁ። ግን ነገ ብሄድም ዛሬ የምተኛው እዚህ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በረራ ሲሰጣችሁ አልጋውን ሽጡ፣ ቴሌቪዥኑን ሽጡ። የሙያ ዕቃችሁን ግን አትሽጡ። የልብስ ስፌት መኪና ያላችሁ፣ የፀጉር መሥሪያ ያላችሁ፣ መፍቻ ያላችሁ፣ እዚህ ከሚቀር ከምታምኑት ሰው ጋር በአደራ አስቀምጡት። አውሮፕላኑ ከተነሳ ሰውየው ሸጦ ይልክላችኋል። ካልተነሳ ደግሞ ጠዋት የምትነሱበት ነገር ይኖራችኋል።

ዘመዶቼም አገር ቤትና ውጭ ያላችሁ፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዛሬ ምን ሠራህ?» በሉን። ያኛው ጥያቄ መልሱ በእኛ እጅ አይደለም።

ቸር ያሰማን።