እሳት ያልነካው ድግስ

መብራቱ የጠፋው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት። በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ እናት ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ልጅ ትከትፋለች። ምድጃው ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። የጋዝ ሲሊንደሩ ከገና በፊት አልቋል፤ ለማስሞላት ሲባል ሁለት ሳምንት አልፏል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከሰል የሚበላ ሥራ ነው። ዶሮዎቹ ገና አልተገዙም። ሁለቱም ቢላዋቸውን አስቀምጠው ተያዩ።

እናትየው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ 6 ዓመት ሆኗል። የመጀመሪያ ልጃቸውን የዳሩት ከ3 ዓመት በፊት ነው፤ የሰርጉን ዕዳ ከፍለው የጨረሱት ግን ባለፈው ኅዳር። የዕቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ለምነው ወሰዱ፤ ገንዘቡ በአንድ ቀን ድግስ አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀረው በየሳምንቱ መክፈል ብቻ ነበር። በሰርጉ ቀን ምን እንደተበላ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው የለም። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ሳምንት ያስታውሱታል።

አሁን ደግሞ ተራው የልጅቷ ሆነ። ረቡዕ ዕለት የሟች ባለቤታቸው ወንድም ደውለው፣ «ሽማግሌ ባዶ አፉን አይሸኝም። ቢያንስ በግ ይታረድ፣ ዶሮም አይጥፋ። ሰው ምን ይላል?» ብለዋቸው ነበር። እናትየው በጉን በዝምታ አለፉት፤ ዶሮውን «እሺ» አሉ። «እሺ» ያሉት ግን ኪሳቸው ችሎ ሳይሆን ያቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚመልሱበት ቃል ስላጡ ነው።

በጨለመው ማድ ቤት ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ይቺን እያት።» ፈረንጆች ለግብዣ የሚያቀርቡት ነገር ነው፤ ለስላሳ አይብ በእጅ ይድቦለቦልና በተከተፈ ቅጠልና በለውዝ ይጠቀለላል፣ እንግዳው ከዳር እየቆረሰ በዳቦ ይበላዋል። እሳት የለውም፣ ድስት የለውም። ሲያዩት ግን ዓይን ይይዛል። እዚህ አገር ከውጭ የሚገባው ለስላሳ ቺዝ ድሮም ርካሽ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ ልጅቷ ሱፐርማርኬት ስትገባ ዋጋውን አንብባ ብቻ የምታልፈው ዕቃ ሆኗል።

እናትየው ምስሉን ትንሽ አዩና፣ «አይብ እያለን?» አሉ።

ወሬው 2ኛ ፎቅ ደረሰ። እዚያ የሚኖሩት ጎረቤት የጉራጌ ሴት ናቸው፤ በየመስቀሉ ክትፎውም አይቡም ጎመኑም ከእሳቸው ቤት ይወርዳል። ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። «ቲቸር፣ አይቡን ለእኔ ይተዉት። ግን ዝም ብሎ አይብ አይገዛም» ብለው ልጅቷን አስከትለው ሳይመሽ ገበያ ወረዱ።

እውነትም ዝም ብሎ አይገዛም። ሴትየዋ መጀመሪያ አሸተቱ፤ ጥሩ አይብ ቀለል ያለ ኮምጣጣ ሽታ አለው እንጂ አይጎረናም። ቀጥሎ በጣታቸው ጫና አደረጉበት፤ ውሃ የሚያቁረው ገና አልተጠነፈፈም፣ እንደ አሸዋ የሚሻክረው ደግሞ እሳት በዝቶበታል። በመጨረሻም «መቼ የወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። አይብ ጨው የሌለውና ሳይበስል ሳይከርም የሚበላ ነገር ነው፤ ብዙ ቀን አይቆይም። 3 ኪሎ ገዙ። አንድ እቅፍ በሶብላ ከነአበባው፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ። እርዱ፣ ሚጥሚጣው፣ ኮረሪማውና ንጥር ቅቤው ቤት ውስጥ አለ።

ሥራው በሻማ ተጀመረ። አይቡ በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ የቧንቧው አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን ተቀመጠለት። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ አጓቱ ጠብ ጠብ ሲል ቆየ። የዚህ ሥራ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተጠነፈፈ አይብ ቅርጽ አይዝም፣ ጠዋት እንግዳ ፊት ይናዳል። ቅጠሉም እንዲሁ ነው። ታጥቦ በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ቅጠል አይቡን ያስለቅሰዋል። ጨው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃ ይጠራል።

ከዚያ አይቡ 3 ቦታ ተከፈለ። አንዱ ጨውና ኮረሪማ ብቻ ገብቶበት ነጭ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው በእርድና በእጅ ሙቀት በለሰለሰ ትንሽ ንጥር ቅቤ ታሽቶ ቢጫ ሆነ። ሦስተኛው በደቀቀ ቃሪያ፣ በበሶብላና በጥቂት ነጭ ሽንኩርት አረንጓዴ ለበሰ። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ሻሽ ተነጠፈና አንዱ በአንዱ ላይ እየተጠቀጠቀ ተደረደረ። ጎረቤትየው ጤና አዳም ሊጨምሩ ሲሉ እናትየው እጃቸውን ያዟቸው። «ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት።» ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እንግዳ ተቀባይነት ከዚህ ይጀምራል፣ ማን እንደሚበላው ከማወቅ።

ማቀዝቀዣው መብራት የለውም። የጥር ሌሊት ግን ብርዱን አይነፍግም። ሳህኑ ተከድኖ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ በረንዳ ላይ አደረ።

ሦስቱም ደክሟቸው በተቀመጡበት ልጅቷ እየሳቀች፣ «እሳት ያልነካው ድግስ!» አለች።

ጎረቤትየው አልሳቁም። «አንቺን አልነካሽም እንጂ እሳትማ ነክቶታል» አሏት። ከዚያም አይቡ ከየት እንደመጣ ነገሯት። አንዲት ሴት ገጠር ውስጥ ወተቱን ለቀናት እያጠራቀመች ታረጋዋለች። እርጎውን ተቀምጣ ትንጣለች፣ ቅቤውን ታወጣለች። የቀረውን አሬራ ለስለስ ያለ እሳት ላይ ጥዳ፣ እንዳይፈላባት እየጠበቀች፣ አይቡ ከአጓቱ እስኪለይ ጭስ ውስጥ ትቆያለች። ለ1 ኪሎ አይብ ወደ 8 ሊትር የሚጠጋ ወተት ያስፈልጋል። ሳህኑ ውስጥ ያለው 3 ኪሎ ማለት 24 ሊትር ያህል ወተት ነው። «ስለዚህ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳታፍሪበት» አሉ ሴትየዋ። «ልፋት ያለበት ነገር ለማንም ቢቀርብ አያሳፍርም።»

እሑድ ጠዋትም መብራት አልመጣም። ለቡናው ብቻ ትንሽ ከሰል ተያያዘ። ሳህኑ ሰፊ ትሪ ላይ ተገለበጠ፣ ሻሹ ተገፈፈ። በደረቅ ቢላ የተከተፈው በሶብላና የድንብላል ቅጠል ዙሪያውን በእጅ ተጫነበት፤ ነጩ ጉብታ አረንጓዴ ኮረብታ ሆነ። ልጅቷ በሚጥሚጣ ከሥሩ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አዞረችለት፣ አናቱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለውን የበሶብላ አበባ ሰካች። ጎኑ ላይ የዳቦ ቁራሽ፣ ድርቆሽና በቀጭኑ የተሰነጠቀ ካሮት ተደረደረ።

አጎትየው ከሽማግሌዎቹ ቀድመው መጡ። ትሪውን አዩ፤ ማድ ቤቱን አዩ። «ዶሮውስ?» አሉ። ከዚያ ራሳቸው መልስ ፈልገው አገኙ። «ግድ የለም፣ መብራት ጠፍቶ ነው እንላለን።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ይህ ሁለተኛ ቀጠሯቸው ነው፤ መጀመሪያ የመጡ ቀን እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ተብለው ተመልሰዋል። «ቁጭ በሉ» ቢባሉም «መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም» ብለው ቆሙ። ታላቅየው ስለ ልጁ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ መጡበት ጉዳይ ተናገሩ። ያ ሁሉ ንግግር ሲካሄድ አረንጓዴው ኮረብታ ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ተቀምጧል። ከሽማግሌዎቹ ትንሹ ዓይናቸው ደጋግሞ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

በመጨረሻ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጃችንን ሰጥተናል፣ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ» አሉ። እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አጎትየው ግን አላረፉም። «ይቅርታ አድርጉልን፤ ድግሱ ሌላ ነበር፣ መብራት ጠፍቶብን ነው» ብለው ጀመሩ።

ምክንያቱ ተዘጋጅቶ ቀርቧል። የሚያምነውም ብዙ ነው፤ በዚህ ከተማ መብራት ጠፋ ሲባል ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። እናትየው ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ዝም አላሉም።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መብራቱ ምክንያት ሆነልኝ እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። የልጄን ሰርግ ዕዳ ከፍዬ የጨረስኩት ባለፈው ኅዳር ነው። ያለኝ ይኼ ነው፤ በክብር ያዘጋጀሁት ነው። ሰርጉም እንዲህ ባለ አቅም ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎትየው ወለሉን አዩ። እናትየው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ቢላዋውን አንስተው ኮረብታውን ከመሀል ቆረጡት። ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ነፍሰ ጡሯ ምራት «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። ታላቁ ሽማግሌ ዳቦ አንስተው ጠቀሱና አጣጣሙ። አንድ ጊዜ ደገሙ። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው ያልታሰበ ነገር ተናገሩ።

«እህቴ፣ እውነቱን ከተናገሩ እኔም ልናገር። የልጁ አባት ሲልከን ‹የሴቷ ወገን ስንት ሰው እንደሚጠብቅ በዘዴ አጣሩልኝ› ብሎናል። መሬት ለመሸጥ እየተዘጋጀ ነው። እናንተን እንዳያሳፍር ብሎ።»

ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። አንዱ ዕቁብ ሊገባ፣ ሌላው መሬት ሊሸጥ። ሁለቱም ድግሱን ፈልገውት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ሌላኛው የሚፈልገው መስሏቸው ነው። «ሰው ምን ይላል?» የሚባለው ያ ሰው ማነው ተብሎ ቢፈለግ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ አልነበረም። እዚያ የነበሩት ዳቦ በአይብ እየጠቀሱ የሚበሉ፣ ዕዳ የሚፈሩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ስንት ቤት በዚህ ፍርሃት ይደግሳል? ኑሮ ተወደደ ብሎ ጠዋት የሚያማርር ሰው፣ ማታ ለድግስ ሲበደር አፉን አይከፍትም። የዘይትን ዋጋ፣ የምንዛሪን ነገር፣ የመብራትን መጥፋት በየቡናው መድረክ እንናገራለን፤ «አልችልም» የምትለዋን ቃል ግን ለገዛ ዘመዳችን መናገር ያቅተናል። ድግስ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ወግና ማዕድ ባይኖር ያቺ ክፍል ውስጥ ማንም አይሰበሰብም ነበር። አበው «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ያሉት ግን ስለ ጦር ብቻ አይመስልም፤ ስለ ትሪም ይሠራል። ያለውን አጥቦ፣ አጠንፍፎ፣ አሳምሮ ያቀረበ ሰው ለማንም ምክንያት መደርደር የለበትም።

አጎትየው ያን ቀን «ትክክል ነሽ» አላሉም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጠዋት አያልቅም፤ ምናልባት በሚቀጥለው ቀጠሮ የበሬው ነገር ተመልሶ ይነሳ ይሆናል። ሁለተኛውን ስኒ ቡና ሲቀበሉ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«ለመሆኑ ስንት ሰው ይበቃል?»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። ደረጃውን እየወረዱ ሳለ መብራቱ መጣ፤ የየፎቁ ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ጮኸ። የተከተፈው ሽንኩርት አሁንም ማድ ቤት ጥግ ሳፋው ውስጥ ነበር። ምድጃውን ለመለኮስ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም፤ ትሪው ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ ምራቲቱ እየበላች ነበር።