ዘንገናን ሁለቴ ይዩት

ዘንገና ሐይቅ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው ዋና መንገድ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። በጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ክብና ጥልቅ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ ሐይቅ ነው። ቤተሰብዎን ይዘው በዚያ ካለፉ ፎቶ ማንሳትዎ አይቀርም። ከዚያስ? አብዛኞቻችን ወደ መኪናችን ተመልሰን «አየነው» እንላለን።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ስለሆነ የመጀመሪያ ዕይታ ያለውን ኃይል አውቃለሁ። በጉዞ ላይ ግን የመጀመሪያው ዕይታ ስለ አገሩ ከሚነግረን ይልቅ ይዘነው ስለመጣነው ምኞት የሚነግረን ይበዛል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በዚሁ በአገው ምድር ያለፈው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ በደስታ ፈነደቀ፤ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ክብርም ጽዋ አነሳ። ብዙም ሳይቆይ ግን ምንጩን ከአገሩ ወንዞች ጋር እያወዳደረ በትካዜ ተዋጠ። ምንጩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰውየው ልብ ነው። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ደርሶ ነበር። የአካባቢው ሰውማ ከሁለቱም በፊት ያውቀው፣ ያከብረውም ነበር። ብሩስ በኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፍም ከምንጩ ይልቅ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ሰዉ ብዙ ይተርካል። አገሩን ያሳየው መቆየቱ ነው።

እርስዎም ከአዲስ አበባ ሲመጡ እዚህ በከፊል እንግዳ ነዎት። ገበያው ውስጥ አገውኛ ሲነገር ይሰማሉ። ኮረብታውን የሸፈነውን አረንጓዴ አይተው «እንዴት ያለ የተፈጥሮ ደን!» ይሉ ይሆናል። ሲጠይቁ ግን ከፊሉ ዲከረንስ የሚባል፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ መሆኑን ይረዳሉ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ሲተክለው፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላም ቆርጦ ከሰል ሲያከስለው ኖሯል። በእርስዎ ቤት ቡና የፈላበት ከሰል ከዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል። ደን የመሰለዎት ነገር የሰው ማሳ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ነው።

ፈረሱም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያማረ ትዕይንት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ያንኑ ፈረስ በሌላ ዓይን ያዩታል።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሆነም እንጅባራ አንድ ሌሊት ይደሩ። ማታ ልጆችዎ ስለ ዘንገና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በማግስቱ ከአካባቢው ሰው ጋር ተጨዋውተው ሐይቁን እንደገና ይዩት፤ ልጆቹም ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡላቸው። ልጆችዎ ሲያድጉ ከዚህ በጣም የራቀ አገር ይሄዱ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ቀን ባዩት ብቻ ሕዝብን ላለመፍረድ የሚማሩት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።