ሰሚ ያጣ ዘበኛ

ዘበኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ካፖርት ደርቦ፣ ዱላ ይዞ፣ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው። ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንገባ እጅ ይነሣናል፤ ማታ ስንወጣም ደኅና እደሩ ይለናል። እኛ ተኝተን ሳለን ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ሸተተው፣ ምን እንዳሳሰበው የምንጠይቀው ግን ስንቶቻችን ነን? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዱብቲ ሳለን በራሳችን እጅ የተፈጸመ ጥፋት ስላለ ነው።

ዱብቲ በታችኛው አዋሽ፣ በአፋር ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። በሰኔ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ተሻርኮ በአካባቢው ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ እርሻውም በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። እኛ በ1990ዎቹ የሠራነው ግን ከዚያ እርሻ ጋራ ግንኙነት በሌለው በአንድ አነስተኛ የግል መጋዘን ነው። ሥራችን ጸሐፊነት ነበር፤ የሌሊት ዘበኞችም ያዩትን ጠዋት ጠዋት ለእኛ ይነግሩን፣ እኛም በመዝገብ እናሰፍረው ነበር።

ከዘበኞቹ አንዱ በዕድሜ የገፉ አፋር ነበሩ። ወሬ ሲነግሩ ቆመው አይናገሩም፤ መሬት ላይ ይቀመጡና እኛም እስክንቀመጥ ይጠብቃሉ። ይህ ዳጉ የሚባለው የአፋር ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ጠብና ስለ እንግዳ ሰው ይጠያየቃሉ። ነጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ሐሰት የተናገረ ይዋረዳል። ሰሚውም ሥራውን ትቶ የማድመጥ ግዴታ አለበት። እኛ በዚያን ጊዜ ነገሩን የሽማግሌ ወግ አድርገን ስለ ቈጠርነው አንድም ቀን ተቀምጠን አልሰማናቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ከጀርባ በኩል ባለው ቁልል አጠገብ ሳልፍ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ጭስ አላየሁም። እጄን ባሳርፍበት ግን አንዱ እስር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ይህን ያየሁት ራሴ ነኝ፤ ከሰው አልሰማሁም።»

እኛም እንደ ቆምን፣ ብዕራችንን እንደ ያዝን፣ «አባባ፣ በዚህ አገር የማይሞቅ ምን አለ?» ብለን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። በመዝገቡም ላይ «ሌሊቱ በሰላም አለፈ» ብለን ጻፍን።

የጥጥን ጠባይ የተማርነው ዘግይተን ነው። ጥጥ ሲዳመጥ ድንጋይ ወይም ብረት ከመኪናው ገብቶ ፍንጣሪ ካስነሣ፣ እሳቱ ከጥጡ ጋራ ታምቆ ሊታሰር ይችላል። በዚያም ነበልባል ሳያሳይ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይግማል። እስሩ ከውጭ ሲያዩት ነጭ ነው፤ የሚያሳብቁበት ሽታውና ሙቀቱ ብቻ ናቸው። የተጠረጠረው እስር ከመጋዘኑ ወጥቶ፣ ከሌሎቹ ርቆ መጠበቅ ይገባዋል እንጂ በመጋዘኑ ውስጥ ሊፈታ አይገባም፤ አየር ሲያገኝ ይነዳልና። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ሳይማሩ በአፍንጫቸውና በመዳፋቸው ደርሰውበት ነበር።

በማግስቱ ሌሊት ቁልሉ ተቀጣጠለ። እሳቸው ብቻቸውን ወደ እሳቱ አልሮጡም። አስቀድመው ጮኸው ባልደረቦቻቸውን ቀሰቀሱ፤ በሩን ከፈቱ፤ ከዳሱ ሥር የተኙትን የቀን ሠራተኞች አስወጥተው አንድ በአንድ ቈጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጥጡን ወደ ማዳን ዞሩ። ብዙ ጥጥ ተቃጠለ፤ ሰው ግን አልሞተም።

ምርመራ በተደረገ ጊዜ መዝገቡ ተጠየቀ። መዝገቡም «ሌሊቱ በሰላም አለፈ» አለ። ሽማግሌው ተናግሬ ነበር ሲሉ ዐይኖች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። እኛም እንጀራችንን ፈርተን ዝም አልን። ሽማግሌው ተሰናበቱ። በሦስተኛው ቀን ኅሊናችን ቢያስጨንቀን ሄደን እውነቱን ተናገርን፤ ቅጣታችንንም ተቀበልን። እሳቸውን እንዲመልስ ሰው ተላከ፤ ነገር ግን ወደ ከብቶቻቸው ሄደው ነበርና ተመልሰው አልመጡም።

በዚያ ሸለቆ አደጋ ሁሉ የሚመጣው እንዲሁ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ ዱብቲ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው የዘነበው ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። የግድብና የቦይ ዘበኛ የውሃውን መደፍረስ፣ ተገፍቶ የሚመጣውንም ግንድ አይቶ ሊናገር ይችላል፤ የሚሰማው ካላገኘ ግን ማየቱ ምን ይጠቅማል? አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት የነጋሪውን ብቻ ሳይሆን የሰሚውንም ፈንታ ነው።

ለዘበኞቻችን ማየትን፣ ያዩትን ከሰሙት መለየትን፣ ሰዓቱን ጠቅሶ ማስጻፍን፣ ከንብረት በፊት ሰውን ማውጣትን እናስተምራቸው፤ ይህ ተገቢ ነው። እኛ በወንበር የተቀመጥነው ግን ማድመጥን ከማን እንማር?

በበኩላችን ከዚያ ወዲህ በሠራንባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጠዋት ስንገባ፣ ዘበኛውን እንዴት አደሩ ካልን በኋላ «ምን አዩ?» እያልን እንጠይቃለን። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ያን «ምንም» ግን ተቀምጠን እንሰማዋለን።