የአባት ስም የሚለው ሳጥን

ቻፕቡክ የሚባል የመጽሐፍ ዓይነት አለ። ከ20 እስከ 40 ገጽ ቢሆን ነው። ውስጡ ግጥም ነው፤ ወገቡ በስቴፕለር የተመታ ወይም በክር የተሰፋ፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ነገር። ስሙ የመጣው ከድሮ እንግሊዝ አዟሪዎች ነው። "ቻፕማን" የሚባሉት እነዚህ ሰዎች በየመንደሩ መርፌና ክር ሲያዞሩ ርካሽና ቀጫጭን መጻሕፍትም አብረው ይሸጡ ነበር። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣ፣ መጽሐፍ እስከ አገጩ የቆለለ አዟሪ ያላለፈበት ሰው ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቻፕቡክ የሚያሳትሙት ትልልቆቹ አሳታሚዎች አይደሉም፤ አያዋጣቸውም። የሚያሳትሙት ሌላ ሥራ እየሠሩ በማታና በቅዳሜ የሚደክሙ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። በዓመት አንዴ ውድድር ያወጣሉ፤ ከሚመጣው ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት መርጠው መቶ ሁለት መቶ ቅጂ ያትማሉ። ከእነዚህ ውድድሮች ጥቂቶቹ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ፣ ለባይሴክሹዋል፣ ለትራንስና ለኩዊር ጸሐፍት ብቻ የተከፈቱ ናቸው። ለምሳሌ ሰቨን ኪችንስ የሚባለው ትንሽ ማተሚያ በገጣሚዋ በሮቢን ቤከር ስም የሰየመው ተከታታይ አለው።

እኔም ከእንደዚህ ዓይነቶቹ በአንዱ ተወዳድሬያለሁ። ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ነው፤ በተለይ ደግሞ ውድድሩ ስለጠየቀኝ አንድ ጥያቄ።

*

ኤሴክስ ሄምፊል ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያደገ ጥቁር ገጣሚ ነበር። ወንድ የሚያፈቅር ወንድ መሆኑን በግጥሙ አልደበቀም። ትልቅ አሳታሚ መጥቶ በሩን እስኪያንኳኳ አልጠበቀም፤ "ኧርዝ ላይፍ"ን በ1985፣ "ኮንዲሽንስ"ን በ1986 በቻፕቡክ መልክ ራሱ አወጣቸው። በ1995፣ በ38 ዓመቱ፣ ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተ። እሱ እነዚያን ቀጫጭን መጻሕፍት በሚያወጣበት ዘመን ከደርግ የሸሹ ወገኖቻችን በዚያችው ከተማ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤት እየከፈቱ ነበር። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አስባለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንዷ ያንን መጽሐፍ ገዝተው ኮት ኪስ ውስጥ ከተው ይሆን?

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1980፣ ኦድሬ ሎርድና ባርባራ ስሚዝ ከሌሎች ሴቶች ጋር "ኪችን ቴብል" ያሉትን አሳታሚ መሠረቱ። የማድ ቤት ጠረጴዛ እንደማለት ነው። ለእኛ ይሄ ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳሎን ለእንግዳ ነው፤ እውነተኛው ወሬ የሚወራው ማድ ቤት ነው።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኦሽን ቩዎንግም ቢሆን "በርኒንግስ" የተባለውን ቻፕቡኩን በ2010 ያሳተመለት ሲብሊንግ ራይቨልሪ የሚባል የአርካንሳስ ትንሽ ማተሚያ ነው። በሌላ መጽሐፉ የቲ. ኤስ. ኤልየትን ሽልማት ያሸነፈው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር ቻፕቡክን የወደድኩት ወደ ትልቅ ነገር መወጣጫ ስለሆነ አይደለም። መጠኑን ነው የወደድኩት። አገር ቤት በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ከሕጉም በላይ ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እዚያ ያሉ ልጆች እርስ በርስ "ዜጋ" ይባባላሉ። ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ ቢነገር ማንም የማይደነግጥበት ቃል ነው፤ ሰሙ ለሁሉም፣ ወርቁ ለባለቤቱ። ሁለት መቶ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍም እንደዚያ ቃል ይመስለኛል። የሚፈልገው ያገኘዋል፣ ሌላው ሳያየው ያልፋል።

*

መጀመሪያ የገጠመኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ውድድሩ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የእኔ ግጥሞች ግማሾቹ ደግሞ የተወለዱት በአማርኛ ነው።

አማርኛ ለምሥጢር አይመችም። በእንግሊዝኛ "አንተ"ም "አንቺ"ም አንድ ቃል ስለሆነ ሙሉ የፍቅር መጽሐፍ ጽፎ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ መጨረስ ይቻላል። በአማርኛ ግን ወይ "ና" ነው ወይ "ነይ" ነው። ግሱ ራሱ ያጋልጣል። "እርስዎ" ብሎ ማምለጥ ይቻላል እርግጥ፤ ግን ከንፈራቸውን እየተመኘ አንቱ የሚል ማን ነው?

በ19 ዓመቴ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ። "ስትመጣ" የሚለውን ቃል እዩት። አንተ ስትመጣ ነው ወይስ እሷ ስትመጣ? ቃሉ ብቻውን አይናገርም። ስትስቅ፣ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ "ትመጣለህ" ወይም "ትመጣለች" ብሎ ከተዘጋ አለቀ፣ ታወቀ። ስለዚህ መዝጊያውን ሁሌ ወደ ራሴ አመጣዋለሁ። ስትመጣ በሩን እከፍታለሁ። ስትስቅ አቀረቅራለሁ። "እኔ" ደግሞ በአማርኛ ፆታ የለውም። እስከዚህ ድረስ አንብባችኋል አይደል? እኔ ወንድ ልሁን ሴት እስካሁን አታውቁም።

ለዓመታት እንዲህ ጻፍኩ። ግጥም የሚያነቡልኝ ጓደኞቼ "ረቂቅ ነው" ይሉ ነበር። ነገሩ ረቂቅነት አልነበረም፤ ሰዋስው ውስጥ መኖር ነበር።

ለውድድሩ ግጥሞቹን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ቀዳዳው አላስፈለገም። ፆታ የማይለየው የእንግሊዝኛ ቃል ያው እንደ በፊቱ አይናገርም፤ ግን አንባቢዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ብለው እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ያ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ መደበቂያ መሆኑ ቀረ። እፎይታ ነበረው። ኀዘንም ነበረው፤ "ስትመጣ" ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ወዲህ ማዶ ጥሎት ነው የሚሄደው። አንዱን ግጥም ርእሱን በፊደላችን እንዳለ ተውኩት። ማንበብ የማይችል ዳኛ ቢያንስ መልኩን ይየው ብዬ።

*

ደንቡ "ስማችሁን ከጽሑፉ ላይ አጥፉ" ይላል። በእኛ ቋንቋ ስም ማጥፋት ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ለፍትሕ የሚደረግ ነው። ዳኛው ወዳጁን እንዳይመርጥ ስም ተነስቶ ነው የሚነበበው። 24 ገጼን ያለ ስም ላክሁ። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም።

ከአራት ወር በኋላ ኢሜይል መጣ። አላሸነፍኩም፤ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ግን አንዱ ነኝ። ዝርዝሩ በሳምንቱ ይፋ ይሆናል። ከሥር አንድ ጥያቄ አለ፦ ስምዎ እንዴት እንዲጻፍ ይፈልጋሉ? ሁለት ሳጥን። ስም፣ የቤተሰብ ስም።

ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የሚለው የጋራ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወስ፣ እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ሲወራረስ የኖረ። እኛ እዚያ ሳጥን ውስጥ የምንጽፈው የአንድ ሰው ስም ነው። የእኔ አባት በሕይወት አለ። እሑድ ያስቀድሳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድሩ ላይ ገንዘብ ያዥ ነው። "የእገሌ ልጅ እኮ" ሲባል እገሌ እሱ ነው።

አሜሪካዊ ጓደኞቼ ስም የራስ ነው፣ መደበቅ ማፈር ነው ይላሉ። በእነሱ አገባብ ልክ ናቸው። የእኔ ስም ግን ግማሹ የእኔ አይደለም። ልውጣ ብል ብቻዬን አልወጣም፤ እሱን ሳላስፈቅደው በእጁ ጎትቼ ነው የምወጣው።

ለአባቴ ደወልኩ። ስለ ግጥሙ አላነሳሁም። "አባዬ፣ ስምህን ማን ነው ያወጣልህ?" አልኩት።

"ምነው፣ አለቀ እንዴ ስሙ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባቸው ስለነበር አያቱ ናቸው ያወጡት። ለሞት የተሰጠ መልስ ነው ስሙ። ይሄንን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ቅጹ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ ለመተው ሞከርኩ፤ ቅጹ አላሳልፍ አለ። እናም አንድ ቃል ጻፍኩ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። የአባቴ ስም አይደለም። በማግስቱ "በዚሁ ስም ይሁን?" የሚል አጭር መልስ መጣ። አዎ አልኩ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ውድድሩ ሰጠኝ የምለው ይሄንን ነው። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ አነበቡኝ፣ ከዚያ ማን መባል እንደምፈልግ ጠየቁኝ። በሕይወቴ ነገሮች የመጡት በተገላቢጦሹ ነበር፤ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከዚያ ምን ልል እንደምችል።

አንዳንዶቻችሁ በየስልካችሁ የተቀበረ ግጥም እንዳላችሁ ስለማውቅ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልበል። የመወዳደሪያው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፤ ከከበዳችሁ ጻፉላቸውና ጠይቁ፣ በነፃ የሚያስገቡ አሉ። ሽልማቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላርና ጥቂት ደርዘን ቅጂ ነው። ውሉና ቼኩ በሕጋዊ ስም ሆነው ሽፋኑ በብዕር ስም ሊወጣ ይችላል፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም በብዕር ስም የወጣን ሥራ ያውቃል። አገር ቤት ያላችሁ ግን ከስም ሌላ የሚያሳውቅ ነገር እንዳለ አትርሱ፤ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት፣ የፍቅረኛ ሥራ። ግጥሙ ውስጥም አጣሩት። የብዕር ስም የፈሪ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃል የምናውቃቸው ስንኞች የአብዛኞቹ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቁት።

የከፈልኩት ገንዘብ የአሸናፊውን መጽሐፍም ይጨምር ስለነበር በክረምቱ በፖስታ ደረሰኝ። 28 ገጽ፣ በቀይ ክር የተሰፋ። በአንድ ቁጭታ አንብቤው ሁለቴ ደገምኩት፤ ይገባዋል። አሁን መደርደሪያዬ ላይ በሁለት ወፍራም ልብ ወለዶች መካከል ቆሟል። ቀጭን ስለሆነ ጀርባ የለውም፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም። ባለፈው ሰሞን ቡና ልትጠጣ የመጣች አንዲት ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ መደርደሪያውን ስታይ ቆይታ እጇን በቀጥታ ወደ እሱ ሰደደች። ምንም አላልኩም። እሷም ምንም አላለችም። ቡናው እስኪፈላ ሦስት ገጽ አንብባ ነበር።