ሚዛኑ ከሱቅ ሲያልፍ



ከጉንደ ወይን የመጣን የአካውንቲንግ ተማሪዎች፣ አባቶቻችን በየዓመቱ የቁርጥ ግብር ሲከፍሉ እያየን አደግን። የትንሽ ሱቅ ትርፍ የትም አይሸሽም። የትልቅ ኩባንያ ትርፍ ግን ድንበር ሊሻገር ይችላል።

እንዴት? አንድ ድርጅት ለባዳ በ100 ብር የሚሸጠውን ሰሊጥ ውጭ አገር ላለ እህት ኩባንያው በ70 ብር ሸጠ እንበል። 30 ብር ትርፍ ከአገር ወጣ። የድርጅት ግብር 30 በመቶ ስለሆነ መንግሥት 9 ብር አጣ ማለት ነው። ትራንስፈር ፕራይሲንግ የሚባለው ሙያ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 79 ለግብር ባለሥልጣኑ እንዲህ ያለውን ዋጋ በባዳ ዋጋ የማስተካከል ሥልጣን ይሰጠዋል። አማካሪው ደግሞ ውሉን ያነባል፣ ተመሳሳይ ግብይቶችን ያነጻጽራል፣ የዋጋውን ትክክለኛነት በሰነድ ያስረዳል።

ከመካከላችን «ይህ ሀብታምን ከግብር ማስመለጥ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አማካሪውን የሚቀጥረው ኩባንያው ነውና። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ግን ሚዛን የሚያጎድለውን እንጂ ሚዛን የያዘውን ሁሉ አይደለም። «ይህን አልፈርምም» ማለት ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል፤ ሪዝቅ ግን ከአላህ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከአሁኑ እንዘጋጅ፤ የሂሳብ መግለጫ ማንበብ፣ ኤክሴል፣ እንግሊዝኛ፣ የግብር ሕግ እንማር። በየሳምንቱ ከአዋጁ አንድ አንቀጽ አብረን እናንብብ። ከ79 እንጀምር፣ ኢንሻአላህ።