ከሻዩ በፊት ቡና ነበር

ስሪላንካን በግል መኪና፣ ከአንድ ሾፌር ጋር ብቻ መዞር ትልቁ ጥቅሙ ደስ ባላችሁ ቦታ «እዚህ ጋ ቁምልኝ» ማለት መቻላችሁ ነው። በቡድን ከሆነ አዛዡ ሰዓት ነው።

ሲጊሪያ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ አለት ነው። ንጉሥ ካሽያፓ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥቱን አናቱ ላይ አሠራ። ደረጃው ጉልበት ይፈትናል፤ ፀሐይ ሳትከር በማለዳ ውጡት። ከካንዲ ወደ ኤላ ስትሄዱ ግን መኪናውን ተዉትና ባቡር ያዙ፤ ሾፌሩ ሻንጣችሁን ይዞ ጣቢያ ይጠብቃችኋል።

እኔን ሲያስገርመኝ የከረመው በባቡሩ መስኮት የሚታየው የሻይ ተራራ ነው። ከዚያ መሬት ብዙው ድሮ ቡና ነበር! ያውም አረቢካ፣ የእኛው አገር ዘር። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ታየና በጥቂት አሥርት ዓመታት እርሻውን አወደመው። ባለ እርሻዎቹም ፊታቸውን ወደ ሻይ አዞሩ። ዓለም «ሲሎን» እያለ የሚጠጣው ሻይ ገናና የሆነው ከዚያ ኪሳራ በኋላ ነው።

ጊዜ ካጠረባችሁ ከባሕር ዳርቻው ቀንሱ፤ ተራራውን ግን አትዝለሉት።